ጆርናሎቹ አንባቢ የቀነሱበት ዕለት

ትናንት ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ሳላስበው ይዞኝ ሄደና እንዲህ ያለ ሕልም አሳየኝ።

ወደምሠራበት ዩኒቨርሲቲ እየገባሁ ነበር። በሩ ላይ እንደ ወትሮው ፍተሻ አለ፤ የሚፈተሹት ግን ጥበቃዎቹ ናቸው። የተማሪ ቦርሳዎች ግራና ቀኝ ቆመው ጥበቃዎቹን በየተራ ኮታቸውን እየገለጡ ያያሉ።

«ምንድን ነው የያዝከው?» አለ አንድ ጥቁር ቦርሳ።

«ምሳዬን ነው» አለ ጥበቃው።

«እሱማ አይቻልም። ምሳህ አንተን ይዞ ሲመጣ ትገባለህ።»

ጥበቃው አንገቱን ደፍቶ ምሳውን ሊጠብቅ ጥግ ይዞ ቆመ።

ግቢው ውስጥ ፕሮፌሰሮች ረጅም ሰልፍ ይዘው ከአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ውጤት ይለምናሉ። ከፊት የቆመው ሸምገል ያለ የኬሚስትሪ መምህር ባርኔጣውን አውልቆ «እባክሽ ልጄ፣ ሲ እንኳ ይበቃኛል፤ የቤተሰብ ኃላፊ ነኝ» ይላል። ተማሪዋ ማስቲካዋን እያኘከች ሰዓቷን አየች። «የቢሮ ሰዓቴ አልፏል። ሐሙስ ብቅ በል» አለችው።

ይህ ሁሉ አልገረመኝም። ያናደደኝ ሌላ ነው። ከተሰለፉት ግማሾቹ ወደ እኔ ዞረው በአንድ ድምፅ «እትዬ፣ ትርሲትን አላየሻትም?» አሉኝ።

በሕልሜም ትርሲትን!

ትርሲት ማን እንደሆነች ልንገራችሁ። እኔ እማዋይሽ እባላለሁ። በዩኒቨርሲቲያችን ቤተ መጻሕፍት የጆርናል ክፍል ኃላፊ ነኝ፤ ሃያ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ጆርናል ማለት በዓመት አራት ወይም ስድስት ጊዜ የሚወጣ የምርምር መጽሔት ነው። ደንበኝነቱ በየዓመቱ ካልታደሰ መምጣቱን ያቆማል። ሥራ ስጀምር መቶ አርባ ነበሩን። አሁን ሠላሳ አንድ ቀርተዋል። በጀቱ ከዓመት ዓመት ያንሳል፣ ዋጋው ከዓመት ዓመት ይጨምራል፣ ገንዘቡ ሲገኝ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ይጠብቀናል። የትኛው ይታደስ፣ የትኛው ይቅር የሚለውን ዝርዝር የማወጣው እኔ ነኝ። ዝርዝሩን ባወጣሁ ቁጥር ጆርናሉ የተሰረዘበት መምህር ለአንድ ዓመት ሰላም አይለኝም። ያልተሰረዘበትም አያመሰግነኝም።

ትርሲት ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አዲስ ተመራቂ ሆና እኔ ዘንድ ተመደበች። አዲስ እትም ሲደርስ እንዴት እንደሚመዘገብ፣ ሳይደርስ የቀረ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ የዓመቱ እትሞች እንዴት ተሰብስበው እንደሚጠረዙ ያሳየኋት እኔ ነኝ። ዛሬ የኤሌክትሮኒክ መረጃ ክፍል ኃላፊ ናት። ቢሮዋ አዲሱ ሕንፃ ላይ ነው፤ መስኮቱ ወደ አትክልቱ ያያል። የኔ መስኮት ወደ ጄኔሬተሩ ያያል። መምህራን ከመስክ ሲመለሱ ማር የሚያመጡት ለሷ ነው። በኔ በር ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው «ትርሲት የለችም እንዴ?» ብለው ይሄዳሉ። እሷ ግን አንድ ቀን ክፉ ቃል ተናግራኝ አታውቅም። «እትዬ» ነው የምትለኝ። በዓል ሲመጣ ቀድማ የምትደውልልኝ እሷ ናት። ብትሰድበኝ እኮ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ የምቀናበት ምክንያት ይኖረኛል።

ወደ ሕልሜ ልመለስ። ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ «ዝምታ በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ውስጥ ያለው ሁሉ ይጮኻል። እኔ በልማዴ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ደህና ዋላችሁ» አልኩ። አንድ ወንበር እየተንጓጓ መጥቶ ፊቴ ቆመ።

«ሴትዮ፣ እዚህ ሰው እያነበበ ነው፤ አትረብሺ! ጩሂ እንጂ!»

«ደህና ዋላችሁ!» ብዬ ጮኽኩ።

«እንደሱ ነው» አለና ወደ ቦታው ተመለሰ።

በዚያው ቅጽበት የጠፋው መብራት መጣ። አዳራሹ በሙሉ «ኤጭ! ደግሞ መጣ!» ብሎ አጉረመረመ።

ቀና ብዬ መደርደሪያዎቹን አየሁ። በየመደርደሪያው የተደረደረው ሰው ነው። ጉልበቱን አቅፎ፣ ጀርባውን ወደ ውጭ ሰጥቶ፣ ጀርባው ላይ ቁጥር ተለጥፎበት ተቀምጧል። መምህራን አሉ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኞች አሉ፣ ሁለት ዲኖችም አሉ። ጆርናሎቹ ደግሞ በማንበቢያ ጠረጴዛዎቹ ዙሪያ እግራቸውን አነባብረው ተቀምጠው ሰው ያነብባሉ። የሚፈልጉትን ከመደርደሪያ ያወርዱና ደረቱን እንደ ሽፋን ገልጠው ገጽ በገጽ ያገላብጡታል። የእንስሳት ሕክምና ጆርናል አንድ የታሪክ መምህር ይዞ ነበር። ገጽ በገለጠ ቁጥር መምህሩን ይኮረኩረዋል መሰለኝ፣ በሳቅ ይንፈራፈራል።

«አንቺስ ቦታሽ የት ነው? ውጪ ምን ታደርጊያለሽ?» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ።

ዞር ስል የአፈር ሳይንስ ጆርናል ነው። ወዲያው አወቅኩት። ከስድስት ዓመት በፊት በገዛ እጄ የሰረዝኩት ነው። ቡናማ ሽፋኑ ደብዝዟል፤ በአፍንጫው ጫፍ መነጽር ሰክቷል። እሱም አወቀኝ።

«እማዋይሽ!» አለ፣ ሳይቆጣ። «ጥራዝ አርባ ሁለት ላይ አቆምሽኝ።»

«በጀት እኮ አልነበረም» አልኩት።

«አውቃለሁ። ግን የቦረቦር አፈር ጽሑፍ እኩሌታው ላይ ነበርኩ። ቀሪው በሚቀጥለው እትም ይወጣል ብዬ ለአንባቢዬ ቃል ገብቻለሁ። ያ ሰውዬ ስድስት ዓመት ሙሉ መጨረሻውን ሳያውቅ ነው የሚያስተምረው።»

እጄን ይዞ ወስዶ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠኝ። ከጎኔ ማን ብትኖር ጥሩ ነው? ትርሲት።

ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ወጣና ስብሰባ ከፈተ።

«ወገኖቼ!» ብሎ ጮኸ። «ዘንድሮም በጀት አንሶናል። ሠላሳ አንድ ሰው ይዘናል፤ የምንችለው ግን አሥር ብቻ ነው። ሃያ አንዱን እንቀንሳለን። መመዘኛው ግልጽ ነው። የሚነበብ ይታደሳል። የማይነበብ ለወረቀት ነጋዴው ይሸጣል።»

ጆርናሎቹ ገጾቻቸውን እያራገቡ ተስማሙ።

«የሚነበበው በምን ይታወቃል?» ብዬ ጎረቤቴን ጠየቅኩ።

ትርሲት እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አሳየችኝ። «እትዬ፣ አንድ ሰው ባነበበሽ ቁጥር እዚህ ላይ ጭረት ይሠራል» አለችኝ። ክንዷ ከእጅ አንጓዋ እስከ ትከሻዋ በጥቁር ጭረት ተሞልቷል። ጭረቱ ቦታ አጥቶ አንገቷ ላይ ወጥቷል፤ ከጆሮዋ ጀርባም አለ።

የኔን ክንድ አየሁ። ሦስት ጭረት ነው ያለኝ። አንዱ ደግሞ ጠመም ያለ ነው፤ እሷን ፈልጎ በስህተት እኔን የገለጠ ሰው ይሆናል።

«በጣም ደክሞኛል፣ እትዬ» አለችኝ። «ከጠዋት ጀምሮ ሲገልጡኝ ሲዘጉኝ። ጠርዞቼ ሁሉ አለቁ። እስኪ ትንሽ ሸለብ ላድርግ።» ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ ተኛች።

እኔ ግን ይህን የሰማሁት እንደ ጉራ ነበር። ደከመኝ ትላለች! ሰው ተሻምቶ ሲያነባት ደከመኝ! እኔ እኮ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳልደክም ተቀምጫለሁ።

አውራ ጣቴን በምራቄ አርስቼ ከክንዷ አንዱን ጭረት ዳሰስ አደረግኩት። ለቀቀ። ጣቴ ላይ ተለጥፎ መጣ። ሞቅ ያለ ነው፣ ከምድጃ እንደወጣ አመድ። ክንዴ ላይ ስጫነው ተጣበቀ። አሥር ብቻ ልውሰድ አልኩ። አሥሩን ወሰድኩ። አሥር ምን ይሠራል ብዬ ሃምሳ አደረስኩት። ከሃምሳ በኋላ መቁጠሩንም ተውኩት። ክንዷን ጨርሼ አንገቷ ላይ ደረስኩ፤ ጆሮዋ ጀርባ ያሉትንም አልማርኳቸውም። መጨረሻ ላይ ሦስት ተውኩላት። ሦስቱን ስተውላት ፍትሕ ያደረግሁ መስሎኝ ነበር፤ አንደኛውንም ጠመም አደረግኩት።

ቆጣሪ ሆኖ የመጣው የእንስሳት ሕክምና ጆርናል ነው። ክንዴን አገላብጦ ሲያበቃ ዓይኑን ማመን አቃተው።

«እማዋይሽ! አራት መቶ አሥራ ሁለት!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔ ዓይኔን ዝቅ አደረግኩ፤ ትሑት እንድመስል ነው።

«ትርሲት!» ብሎ ቀጠለ። «ትርሲት... ሦስት!»

ድንገት ጸጥ አለ። ጸጥታ ክልክል ስለሆነ ወንበሮቹ በፍጥነት ተነሥተው «ጩኹ! ጩኹ!» እያሉ ዞሩ።

ትርሲት ነቅታ ክንዷን አየች። ቀጥሎ የኔን አየች።

«እትዬ፣ ክንድሽ ምን ሆነ?»

«ምን ይሆናል? ሁሌም እንዲህ ነው» አልኳት።

ታጋልጠኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ሻርፗን አስተካክላ «እንኳን ደስ አለሽ» አለችኝ። ከልቧ ነው ያለችው። ያን ጊዜ ብትጮኽብኝ እኮ አራት መቶውንም እመልስላት ነበር። «እንኳን ደስ አለሽ» ስትለኝ ግን አንዷንም አልመልስም አልኩ።

ወረቀት ነጋዴው መጣ። አህያ ነው፤ ሱፍ ልብስ የለበሰ፣ ረጋ ያለ አህያ። ጋሪው ላይ ተቀምጦ አለንጋ ይዟል። ጋሪውን የሚጎትተው የቤተ መጻሕፍታችን ዳይሬክተር አቶ ልሳነወርቅ ነው። አቶ ልሳነወርቅ ያለ ከረባት ከቤቱ ወጥቶ አያውቅም። ያን ዕለትም ከረባት አስሯል፤ ጫፉን ግን አህያው እንደ ልጓም ይዞታል።

«እንደምን ዋሉ፣ አቶ ልሳነወርቅ?» አልኩት።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ዛሬ መንገዱ ዳገት የለውም» አለ እያለከለከ።

አህያው ወርዶ ሰዎቹን በሚዛን ላይ ያወጣቸው ጀመር። «እኚህ ዲን ወረቀታቸው ወፍራም ነው፤ ለሥጋ መጠቅለያ ይሆናሉ። ይህ የመዝገብ ቤት ሰው እርጥበት አለው፤ ለምንም አይሆንም፤ እንዲያው በምርቃት ስጡኝ።» ትርሲት ላይ ሲደርስ በጣቱ፣ ማለቴ በሰኮናው፣ ዳሰስ አደረጋት። «ይህችኛዋ ስስ ናት። ለቆሎ መጠቅለያ ነው የምትሆነው። ቆሎ ተራ ሰው ጠፍቶ ቆሎዎቹ ሜዳ ላይ ተበትነው ነው የሚውሉት።»

ትርሲት ማንም ሳይገፋት ጋሪው ላይ ወጣች። መውጣት ያቃታቸውን አንዲት አሮጊት የካታሎግ ሠራተኛም እጃቸውን ይዛ አወጣች። ጋሪው ሊነሣ ሲል ወደኔ ጎንበስ አለች።

«እትዬ፣ ዣንጥላዬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ዝናብ ነው፣ አንቺ ውሰጂው።»

«ደህና ሁኚ» አልኳት። ጋሪው ሲርቅ የመጀመሪያ ስሜቴ ምን ነበር መሰላችሁ? እፎይታ ነው። ሁለተኛው ግን ጋሪው ላይም ሆና አጠገቧ የተቀመጡት ሁሉ ወደ እሷ ተጠግተው ሲያወሯት ሳይ የመጣብኝ ቅናት ነው። ለመሸጥ እየሄዱ ይስቃሉ።

ብዙም አልቆየሁም፣ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ራሴን አገኘሁት። መግቢያው ላይ ያለው፣ «አዲስ የደረሱ» የሚል የተጻፈበት ሣጥን ነው። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ አንድ ዓመት ሲቀረኝ አዲስ ደረስኩ! መብራት በርቶልኛል፤ አቧራዬ ተጠርጓል። ከሣጥኑ ፊት ጆርናሎቹ እስከ ደረጃው ድረስ ተሰልፈዋል። ሁሉም የሚጠብቁት እኔን ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ትርሲት ሁልጊዜ የሚሰማት ይህ ነው ለካ ብዬ አሰብኩና፣ እዚያው ደስታዬ ላይ እንደገና ቀናሁባት።

መጀመሪያ የገለጠኝ የአፈር ሳይንስ ጆርናል ነው። መነጽሩን ከፍ አደረገና፣ በደንቡ መሠረት፣ እየጮኸ ማንበብ ጀመረ።

«ገጽ አንድ። ትርሲት ዛሬ አዲስ ጫማ አድርጋ መጣች። ቀይ ነው። አያምርባትም።»

ሰልፈኞቹ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ገጽ ዘጠኝ። ትርሲትን ለሥልጠና ላኳት። እኔን የጠየቀኝ የለም። ገጽ አርባ። ለትርሲት ማር አመጡላት፤ ነጭ ማር ነው። ግማሹን ለኔ ሰጠችኝ። የሰጠችኝ ልታሳየኝ ነው። ገጽ መቶ ሁለት። ትርሲት ጉንፋን ይዟት ቀረች። ሰባት ሰው መጥቶ ጠየቃት። እኔ ታምሜ ስቀር የጠየቀኝ የደመወዝ ክፍል ብቻ ነው።»

«ዝጉኝ!» ብዬ ጮኽኩ። እዚያ ቤት ግን መጮኽ ጨዋነት ነው፤ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም።

«ስለ ሌላ ነገር የሚናገር ገጽ የላትም እንዴ?» አለ ከሰልፉ አንዱ። «ሃያ ሦስት ዓመት ጆርናል ስትጠርዝ ኖራ ስለኛ አንድ ቃል የላትም?»

«ማውጫዋን እዩ» አለ የእንስሳት ሕክምና ጆርናል።

የአፈር ሳይንስ ጆርናል ወደ መጨረሻ ገጼ ገለጠ። ጣቱን እያስኬደ ፈለገ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ት። ትርሲት፤ ከገጽ አንድ እስከ መጨረሻው። እ። እማዋይሽ፤ "ትርሲት" የሚለውን ይመልከቱ።»

ሌላ ምንም አልነበረም።

ቢስቁብኝስ ባልከፋኝ። አልሳቁም። ግራ ገብቷቸው እርስ በርስ ተያዩ።

«እንዲያ ከሆነማ» አለ የእንስሳት ሕክምናው፣ «ለምን በሁለተኛ እጅ እናነባታለን? ዋናዋን አናመጣም?»

«ዋናዋን ሸጠናታል። ሦስት ጭረት ብቻ ነበራት» አለ ሌላው።

የአፈር ሳይንስ ጆርናል ክንዴን ያዘ። አተኩሮ አየና አንዱን ጭረት እፍ አለበት። ጭረቱ ተንቀሳቀሰ። እግር አወጣ። ከዚያ አራት መቶው ሁሉ እንደ ጉንዳን ከክንዴ ላይ እየወረደ፣ በአንድ መስመር ተሰልፎ፣ ወለሉን አቋርጦ ወደ በሩ ጉዞ ጀመረ። ሁሉም ከጉንዳኖቹ ኋላ ተከትለው ሄዱ። እኔም የመስታወት ሣጥኑን ከፍቼ ወርጄ ሮጥኩ። ለምን እንደምሮጥ ግን በደንብ አላወቅኩም። ልመልሳት ይሁን፣ ወይስ እነሱ ቀድመው እንዳያገኟት፣ አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም።

ቆሎ ተራ ደረስኩ። ገብሱ፣ ሽምብራው፣ ሱፉ በየበርጩማው ላይ ተቀምጦ ሰው ይለብሳል። አንዲት ሽምብራ የኬሚስትሪ መምህሩን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በመስታወት ራሷን ታያለች። «ይጠበኛል» ትላለች። አቶ ልሳነወርቅ ጥላ ሥር ከጋሪው ተፈትቶ ውኃ ይጠጣል።

«ትርሲትስ? ትርሲት የት አለች?» አልኩት።

«ሦስት ቦታ ናት» አለ አፉን እየጠረገ። «አንደኛው እዚያ፣ ገብሱ ጋ። ሁለተኛው ሱፉ ጋ። ሦስተኛውን ያቺ ወፍራሟ ሽምብራ ወስዳዋለች።»

ገብሱ ዘንድ ሮጬ የለበሰውን ቀማሁት። የትርሲት ጽሑፍ ነው። ልሰበስባት ነበር የመጣሁት፤ እውነቴን ነው። ግን ገጹን ስይዝ ሌላ ነገር አማረኝ። ስለኔ ምን እንደጻፈች ማወቅ ፈለግኩ። ክፉ ነገር ጽፋ ባገኝ ምንኛ በተገላገልኩ! «እማዋይሽ አስቀያሚ ሴት ናት» የሚል አንድ መስመር ይበቃኝ ነበር። ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ።

የናቷ ጉልበት እንደሚያማቸው ጽፋለች። ኢንተርኔቱ ሁለት ሳምንት ሲጠፋ ጽሑፎችን በፍላሽ እየገለበጠች በእግሯ ለአሥር መምህራን እንዳዳረሰች ጽፋለች። አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የፈለገውን ጽሑፍ አግኝቶ እንዳለቀሰ ጽፋለች። ሱፉን ገፍቼ ሁለተኛውን ቀማሁ። ስለ ዝናብ ነው፤ ስለ አንድ ያረጀ ኮምፒውተር ነው፤ ለወንድሟ ስለገዛችው ጃኬት ነው። አገላበጥኩ፣ ጠርዙን ሁሉ አየሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እኔ በየገጼ ስጽፋት፣ እሷ ዘንድ አንድ መስመር አልነበረኝም።

«ሦስተኛው! ሦስተኛው ላይ ይሆናል» ብዬ ወደ ወፍራሟ ሽምብራ ሮጥኩ።

«ልብሴ ነው!» አለች ሽምብራ።

«አምጪ! ስሜ አለበት!»

«የማንም ስም የለበትም፤ አንብቤዋለሁ!»

«ዋሽተሻል!»

ያዝኩት። እሷም ያዘችው። ወረቀቱ በመካከላችን ሲወጠር ከውስጡ ትርሲት ቀስ ያለ ድምፅ አሰማች።

«እትዬ፣ ምን ፈልገሽ ነው?»

«ራሴን!» አልኳትና ባለ በሌለ ኃይሌ ጎተትኩ። ወረቀቱ ቷ ብሎ ተቀደደ። ሌላ ቷ ተከተለ። ቷ ቷ ቷ ቷ እያለ ቀጠለ፤ አላቆም አለ።

ጭብጨባ ነበር።

ዓይኔን ስከፍት ከሥራ አመራር ስብሰባ ጠረጴዛ ጋር ተፋጥጫለሁ። አገጬ ደረቴ ላይ ነው። ራሱ አቶ ልሳነወርቅ ከረባቱን እያስተካከለ ጭብጨባው እንዲቆም እጁን አነሣ፤ ጸሐፊዋም ቃለ ጉባኤውን ማንበብ ጀመረች።

«ተራ ቁጥር አራት። በበጀት እጥረት ምክንያት የቀሩት ሠላሳ አንድ የወረቀት ጆርናሎች ከመጪው ዓመት ጀምሮ ሙሉ በሙሉ እንዲቋረጡ የቀረበውን ሐሳብ፣ የክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ እማዋይሽ በውይይቱ ጊዜ ሁሉ ራሳቸውን ደጋግመው በአዎንታ በመነቅነቅ ስለደገፉት፣ በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል። ወይዘሪት ትርሲት ብቻ "ጆርናሎቹ ይቆዩ፤ ወጪው ከእኔ ክፍል ይቀነስ" በማለት ለአርባ ደቂቃ ተከራክረው የተቃውሞ ድምፅ ሰጥተዋል።»

አጠገቤ ወደተቀመጠው የግዢ ክፍል ኃላፊ ዘንበል አልኩ።

«ጭብጨባው ለማን ነው?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ለትርሲት ነዋ! አልሰማሻትም እንዴ? ስለ ጆርናሎቹ ስታወራ እኮ ሰው እንባ በእንባ ሆነ።»

ትርሲት ከማዶ ታየኛለች። ዓይኗ ቀልቷል። «እትዬ፣ ለምን?» የምትል ትመስላለች።

አርባ ደቂቃ! በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ለኔ አምስት ደቂቃ የሰጠኝ ሰው የለም።